ማራገቢያውን ማን ገደለው

ሰው ሲያረጅ የድሮ ሽታ ይናፍቀዋል ይላሉ። ውሸት ነው። ድሮ ይገማ ነበር። የመካነ ሰላም ገበያ ጥግ የላምባ፣ የጥሬ ቆዳ፣ የበሰበሰ ሽንኩርትና ዝናብ የመታው ለምድ ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አፍንጫ ሲሰነፍጥ የኖርኩበት እኔ እያለሁ፣ ትናንት የተወለደው ሁሉ በሬዲዮ «ወይ የድሮ ጊዜ» እያለ ሲያላዝን ስሰማ ሬዲዮውን እዘጋዋለሁ። ያም ሆኖ ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ አንድ ሽታ አፍኖ ያዘኝ። የልጄ ባል አድማሱ ያንን ያረጀ የጭነት መኪናውን ከግቢዬ በር ላይ አቁሞ፣ «እስቲ አባባ፣ ጋቢና ገብተው ይስሙልኝ፤ ይኼ ማራገቢያ ምን እንደሚል አልገባኝም» አለኝ። ተንጠላጥዬ ገባሁ። ማብሪያውን ሲያዞረው ከክሩስኮቱ፣ ከመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ፣ ሥር አንድ ነገር አጉረመረመ፤ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ደካማ ትንፋሽ ወጣ፤ ከትንፋሹ ጋር ሽታው መጣ። የተቃጠለ ካርቦን፣ የረጠበ ጭቃ፣ ከሥሩ ደግሞ የቀለጠ ጧፍ የሚመስል ነገር። ወዲያው ወጣት ሾፌር ሆኜ ለጋምቦ ደጋ ላይ ጉም ውስጥ ተገተርኩ።

ያኔ የምነዳት የጣሊያን ሥሪት ነበረች፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚታወቅ። ባለቤቷ የደሴ ነጋዴ ነው። ከኛው ቦረና ጤፍ ይዤ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙናና አቡጀዲ እጭናለሁ። መንገድ የሚባለው ድንጋይ ነው፤ ክረምት ሲሆን ድንጋዩም ይጠፋና ጭቃው ብቻ ይቀራል። ግን ሾፌር ያኔ ሾፌር ነበር። ካኪ ኮቴን ደርቤ፣ እንደ ምላጭ የተተኮሰ ቴትሮን ሱሪ ለብሼ፣ ፎጣ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ አቀስታ ስወርድ ሻይ ቤቱ ተነስቶ ይቀበለኛል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከነዳቦው በስሙኒ። ጥግ ላይ ካለው ቴፕ ውስጥ ክሩ የተሳሳበ ካሴት ያለቅሳል፤ ዘፋኙ ወንድ ይሁን ሴት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ዜማውን ግን ዛሬም ብትቀሰቅሱኝ አንጎራጉረዋለሁ። መካነ ሰላም ስገባ ደግሞ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን በሚያንቀጫቅጩበት በረንዳ ማዕዘን ላይ ዝናሽ ቆማ ትጠብቀኛለች። ሚስቴ ናት። አረንጓዴ ሹራብ በቀሚሷ ላይ ደርባ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ። ፊቴን አይታ ሰላምታ ሳትሰጠኝ፣ «ዛሬም ገባህ?» ትለኛለች። መግባቴን ዓይኗ እያየ ለምን እንደምትጠይቀኝ ይገርመኝ ነበር። ስንት መንግሥት ተለዋውጦ ስንት ሹም ሲወርድ፣ ያቺ በረንዳና ያቺ ጥያቄ ግን ቦታቸውን አልለቀቁም። አሁን በረንዳው ላይ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። ልብስ ሰፊም የለ፣ ጠባቂም የለ።

መኪናዬ አንድ ክብር ነበራት፤ ማራገቢያ። ለጋምቦ ደጋ ላይ ብርዱ ሲከፋ፣ በጋቢና ውስጥ ያለው ሰው ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ይለጠፍና እንደ ወተት ያነጣዋል። መንገዱ አንድ በኩል ግድግዳ፣ ሌላው በኩል ገደል ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች ሽንኩርት ከሁለት ቆርጠው መስታወቱን በውስጥ በኩል ያሹታል፤ እንፋሎቱን ትንሽ ይገታዋል፤ ጋቢናቸው ግን ወጥ ቤት ወጥ ቤት ይላል። እኔ ማብሪያዬን ቀጭ ሳደርግ የሞተሩ ሙቀት ተነፍቶ መስታወቱ ላይ ይወጣና እንፋሎቱ ከግርጌ ወደ ላይ እየተገፈፈ ይሄዳል። ምን ያህል እኮራ እንደነበር! ኩራቴ ግን ክረምትን ተሻግሮ አያውቅም። ዝናቡ ሲጀምር ማራገቢያዋ ማጉረምረም ትጀምራለች፣ ያ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ጸጥ። ደሴ ጋራዥ እወስዳታለሁ። «ካርቦኑ አልቋል» ይሉኛል፤ ሞተሩ ውስጥ እሳቱን የሚያቀብለውን ማለታቸው ነው። ይቀይራሉ። በዓመቱ እንደገና። «ሥሪቱ ነው» ይሉኛል። ሽንኩርቱም እኔ ላይ ደረሰ፤ ሽንኩርቱ ሲያቅተው ደግሞ በግራ መስኮት ጭንቅላቴን አውጥቼ ነዳሁ። ግራ ጆሮዬ ዛሬም ብርድ ሲመጣ የኔ አይደለም። እንግዲህ ይኼ ነው የሚናፈቀው ድሮ።

አድማሱን ወደ ቤቴ ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት ከአቀስታ ወዲህ፣ ጉሙ መሬት ላይ በተኛበት ሰዓት፣ መስታወቱ ነጭ ሆነበት። በእጅጌው ጠረግ አድርጎ ሲያይ ከፊቱ መንገድ የለም። ፍሬኑን ረግጦ ሲወርድ የፊት ግራ ጎማው ከገደሉ ከንፈር ላይ ቆሟል። እሱ ነገሩን ለወንድ ወሬ አድርጎ ሳቅ እያለ ነበር የነገረን። ሚስቱ፣ ልጄ ሙሉ፣ ግን አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቷ አመድ መስሏል። መኪናው ግን ተጭኗል፤ ሸራው ተወጥሯል፤ ነገ ንጋት ላይ ይወጣል።

«አባየ፣ ካልተሠራ አይሄድም በለው» አለችኝ፣ እሱ እዚያው ቆሞ እየሰማ።

«ሰው እህሉን ይጠብቃል» አለ አድማሱ። «ካልሆነ እንደ አባባ ሽንኩርት አሽቼ እሄዳለሁ።»

«ሽንኩርት ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ኸገደል አይመልስም!» ብላ ጮኸችበት። ልጄ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ የዘንድሮ ባለጋራዦች ያደረጉትን ስሙ። ፊውዙ ተቃጠለ፤ ቀየሩት። ደግሞ ተቃጠለ፤ ተለቅ ያለ አስገቡ። እሱም ሲቃጠል የመዳብ ሽቦ ጠምዝዘው ሰኩበት። ፊውዝ የሚቃጠለው ነገር ሊነግርህ ነው እኮ! አፉን በመዳብ ሰፍተው ላኩት፤ ሽቦው ሁሉ ግሎ ጋቢናው ከነሰዉ ቢነድ ማን ይጠየቃል? ቀጥሎ ማብሪያውን ቀየሩ። ቀጥሎ ፍጥነቱን የሚቀንሰውን ዕቃ። አምና «ብሎወሩ ሞቷል» ብለው የማራገቢያውን ሞተር ከነሕይወቱ ጥለው አዲስ አስገቡ። ዘንድሮ ደግሞ አንዱ ባለጋራዥ ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ይኼም ሞቷል፣ ሌላ ይምጣ» አለው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኼ ነው። አንድ ሞተር ቢሞት ዕድሜ ነው እንበል። ሁለት ሞተር በሁለት ክረምት ተከታትሎ ከሞተ ገዳይ አለ ማለት ነው። ገዳዩን ሳይፈልጉ ሬሳ መቀየር ምን የሚሉት ሙያ ነው? ኤጭ! የድሮዎቹ ይሻሉ ነበር እንዳልል ደሴ ላይ በካርቦን ስንት ክረምት እንዳታለሉኝ አውቃለሁ። ልዩነቱ የድሮዎቹ ሲያታልሉህ ቢያንስ እጃቸው በግራሶ ይጠቁራል።

ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ሁለት ሽቦ የተበየደባት አንዲት አሮጌ አምፖል ይዤ ገባሁ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ በጀርባዬ ተኛሁና ጭንቅላቴን ከክሩስኮቱ ሥር አስገባሁ። ሙሉ ጃንጥላ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። መጀመሪያ አድማሱ እንዲያበራው ነገርኩትና የማራገቢያውን ሆድ በካቻቢቴው እጀታ መታ መታ አደረግሁት። ካርቦኑ አልቆ ቢሆን ሲመታ ብድግ ብሎ ይዞር ነበር። አልተነሳም፤ ያው ማጉረምረም። ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ከሚደርስበት መሰኪያ ላይ አምፖሌን ነካሁ። ቦግ ብላ በራች። ስለዚህ የሚመጣው እሳት ይመጣል፤ ማብሪያውንና ፊውዙን ሲወቅሱ የከረሙት ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ነው። ቀጥሎ ማሳውን፣ ማለትም እሳቱ ወደ መኪናው ብረት የሚመለስበትን ሽቦ፣ ጠረጠርኩ። ሌላ ሽቦ ከባትሪው ስቤ አስነካሁት። ለውጥ የለም። መሰኪያውን በጣቴ ስዳስሰው አቃጠለኝ።

«ይጎትታል» አልኩ።

«ምን ማለት ነው አባባ?» አለ አድማሱ።

«ከባድ ነገር ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው። አንተ ኩንታል ተሸክመህ ዳገት ስትወጣ አንድ እንጀራ ይበቃሃል? እሱም እሳት ይበላል። እሳት ሲበላ ፊውዝ ይቃጠላል። አንድ ነገር ይዞታል።»

«የነካካው ሰው አለ ማለት ነው» አለ፣ ፊቱ ተቀያይሮ። «ኸጋራዦቹ አንዱ ነው። ማን እንደሆነ ባወቅሁት ወላሂ ኸመካነ ሰላም ነው የማስለቅቀው!» ይኼ የማርያም ማኅበርተኛ በንዴት ጊዜ የሚምለው እንደ ሸሁ ነው፤ የኛ አገር ወጉ ነው። ሙሉ ጃንጥላውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች።

ደኅና ፊውዝና ላምባ እንዲያመጣ ወደ ሱቅ ላክሁት። እሱ ሲሄድ ቡሎኖቹን ፈታሁ። ሞተሩ ከነመንኮራኩሩ ደረቴ ላይ ወረደ፤ ከሱ ጋር ደግሞ አንድ እፍኝ የሚሆን ነገር ፊቴ ላይ ተደፋ። አፌ ውስጥ ገባ። ጭቃ ነው። ተነስቼ በበሩ በኩል ተፋሁት፤ ደግሞ ተፋሁት። መንኮራኩሩን ወደ ብርሃን አውጥቼ ሳየው ክንፎቹ ቢጫ ጭቃ ተለስነዋል፤ አንዱ ድርብርብ በደረቀው ላይ ሌላው እየተጨመረ፣ ሰው ቤት የለሰነ ይመስላል። መዞሪያው ዝጓል። በጣቴ ሳዞረው እንደ ወፍጮ ፈጨ። በጭቃው መሃል አንዲት የጧፍ ቁራጭ ተጣብቃለች። አሸተትኩት። ያው ነው፤ ያ ሽታ። ይኼን ጭቃ የማያውቅ የቦረና ክርስቲያን የለም። ጧፍ ከሚበራበት ከጠበሉ ሥር የሚዛቅ ነው፤ ሰው የታመመ ልጁን ግንባር፣ የሚያመውን ጉልበቱን የሚቀባው።

«ይኼ ኸየት መጣ?» አልኩ።

ሙሉ ጃንጥላውን አጠፈችው። ዝናቡ ይወርድባታል። «እኔ ነኝ አባየ» አለች።

«ምኑን ነሽ?»

«ክረምት ላይ ሊወጣ ሲል... በውሃ በጥብጬ ኸመስታወቱ ሥር ባለችው ወንፊት አፈስሰዋለሁ። ንፋሱ በዚያ ነው የሚገባው። ገብቶ ፊቱ ላይ ይተነፍስበታል ብየ።»

ምን ልበላት? እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ጠበል አልንቅም። ጠበል ግን ለሰው ገላ ነው እንጂ ለካርቦን አይደለም። ባሏ በሰላም እንዲመለስ ብላ በየመንገዱ ዓይኑን ስታውረው ከርማለች። ባለፈው ሳምንት ከገደሉ ከንፈር ላይ ያቆመችው እሷ ናት። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ አፌ ውስጥ ጭቃ ነበር፤ ከጭቃው የባሰ ወጣ። ሙሉ አላለቀሰችም። እስክጨርስ ጠብቃ፣

«ለአንተስ እማየ እንዲሁ ታደርግ አልነበር?» አለችኝ።

«ምን?»

«ኸልጅነቴ ጀምሮ። አንተ ፊትህን ስትታጠብ እኔን በር ላይ ታቆመኛለች፣ እንዳትመጣ። በጣሳ በጥብጣ ታፈስሳለች። ኸሷ ነው ያየሁት። ‹አባትሽ ኸነነፍሱ የሚመለሰው በዚህ ነው› ትለኝ ነበር።»

ከመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። የደሴ ጋራዥ፣ ካርቦኑ፣ «ሥሪቱ ነው» ያሉኝ፣ ሽንኩርቱ፣ ጆሮዬ፤ ሁሉም እየዞረ መጣ። ወጣትነቴን በሙሉ የሰደብኩት ፋብሪካ፣ የረገምኩት ጣሊያን! የሚገማው ማራገቢያው አልነበረም፤ የቤቴ ጠበል ነበር። ያቺ በረንዳው ላይ ቆማ «ዛሬም ገባህ?» የምትለኝ ሴት፣ ጠዋት በራሷ እጅ መስታወቴን አሳውራ ልካኝ፣ ማታ ደግሞ ጠበሏ መልሶ እንዳስገባኝ ልታረጋግጥ ነበር የምትመጣው! ደሜ ፈላ። ሰው የሚወደውን እንዲህ ይገድላል? ደግሞ እኮ ሞኝ አልነበረችም፤ ገበያ ላይ ማንም አያታልላትም ነበር። ተነስቼ ቤት ገብቼ ልጮህባት ቃጣኝ፤ ልቤ ያን ያህል ረስቷል። ቤት ውስጥ ማንም የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ካረፈች ስንት ክረምት አለፈ። ከማን ጋር ልጣላ? በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ሰው ልጣላ አምሮኝ አያውቅም። እንደዚያ ሰዓትም ናፍቃኝ አታውቅም።

«ከእንግዲህ ካፈሰስሽ ጎማው ላይ አፍስሺው» አልኳት ለሙሉ። «ጎማ አይታፈንም። ወንፊቷን ከነካሽ ግን ራሴ እነግረዋለሁ።»

«በማርያም፣ አልነካም» አለች። ድምፅዋ የእናቷ ነው።

አድማሱ ላምባውን ይዞ ተመለሰ። ጭቃውን ፍቄ አጠብኩ፣ ዝገቱን በሸካራ ወረቀት አሸሁ፣ መዞሪያውን ዘይት አጠጣሁ፤ የመዳቡን ሽቦ አውጥቼ ጣልኩና በልኩ የሆነ ፊውዝ አስገባሁ። መልሼ ስሰቅለው በጣቴ ነካ አድርጌው እስኪበቃው ዞረ። ማብሪያውን ሲያበራው አላጉረመረመም። የሦስታችን ትንፋሽና የኔ እርጥብ ልብስ ያነጣው መስታወት ከግርጌው መገፈፍ ጀመረ፤ በመጀመሪያ አጥሩ ታየ፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ። ሙሉ መሪው አጠገብ ሆና ያንን ስታይ በረጅሙ ተነፈሰች።

«እሰየው! ምን ነበር አባባ?» አለ አድማሱ፣ በጣሳ የያዝኩትን ጭቃ እያገላበጠ። «ማነው የነካካው?»

ሙሉ መሬት መሬት ታያለች።

«አይጥ ናት» አልኩት።

«አይጥ? ይኼን ሁሉ ጭቃ አይጥ?»

«ብዙ ዘመን የሠራች አይጥ ናት።»

ሙሉ በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ትስቅ ታልቅስ አላየሁም። እኔ ጣሳውን ይዤ ወጣሁና ጭቃውን ሰው በማይረግጥበት በአጥሩ ሥር ደፋሁት። ዝናሽ አይጥ ማለቴን ብትሰማ ኖሮ ሳምንት አታናግረኝም ነበር፤ ራቴን አቅርባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቀመጥ ነበር። ምነው ሰምታ ባኮረፈችኝ።